ቀጂው ይቅመስ

አባቴ ያልተቀመሰ ነገር አይጠጡም።

በእኛ አገር ጠላ የምትቀዳ ሴት ከዋንጫው ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስና ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። ዛሬ ብዙው ሰው ይህን የሚያደርገው ለልማድ ያህል ነው፤ በከተማማ ጭራሽ ቀርቷል። ለአባቴ ግን ሕግ ነው። በሠርግም፣ በተዝካርም፣ በማኅበርም ቢሆን ቀጂዋ ካልቀመሰች ዋንጫውን ተቀብለው አጠገባቸው መሬት ላይ ያስቀምጡታል እንጂ ወደ አፋቸው አያቀርቡትም። ሰው ቢያያቸውም ቢያማቸውም ግድ የላቸውም። የማፍረው እኔ ነኝ።

ምክንያቱን በመንደራችን በቀየት የማያውቅ የለም። ታላቅ ወንድማቸው መርስዔ ኃዘን በደርግ መጀመሪያ ላይ፣ በወሰን የተጣሉ ሰዎችን ሊያስታርቁ ራቤል ሄደው ነበር። እርቁ ተፈጸመ፤ ጠላ ተጠጣ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሆዴን አሉ፤ ቤታቸው ሳይደርሱ ሞቱ። የገደላቸው ሕመም ይሁን ሌላ ነገር ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲህ አባቴ ራቤልን ረግጠው አያውቁም። የራቤል ገበያ የበግ ዋጋ ጨምሯል ቢባል እንኳ ወደዚያ አይነዱም።

የእኅቴ የእየሩስ የጋብቻ ወሬ የመጣው እንዲህ ባለ ቤት ላይ ነው።

እየሩስ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ቀርቼ ከአባቴ ጋር በእርሻና በበጎች ላይ ስውል እሷ ገፍታ ተማረች። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚሳሱላት እሷ ናት። አንድ ማታ እራት ሳይቀርብ በእኔ ስልክ ደወለች። አባቴም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ መደቡ ላይ በመካከላችን አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ ምንተስኖት የሚባል ሰው አለ» አለች።

«ይኑር እንጂ። ታዲያ?»

«መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነው። አባቱ እዚህ የቆርቆሮና የሲሚንቶ መደብር አላቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ እርስዎን ራት ሊጋብዙ ይፈልጋሉ።»

«ቤታቸው?»

«ቤታቸው አይደለም። አዲስ የተከፈተ የጣሊያን ምግብ ቤት አለ። ትልቅ ቦታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ይመጣበታል።»

አባቴ ስልኩን እንደ ሰው ትኩር ብለው አዩት።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ሽማግሌ በኋላ ይልካሉ። መጀመሪያ ትውውቅ ይሁን ብለው ነው።»

«ልጅ የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ደጄ ላይ ይቆማል። ቃሌን ሳይሰማ አይቀመጥም፤ እህሌንም አይቀምስም። አሁን ነገሩ ተገልብጦ እኔ እነሱ ዘንድ ሄጄ ልብላ? እህላቸውን ከቀመስኩ ወዲያ ምን አፍ ኖሮኝ ነው እምቢ የምለው?»

«እምቢ ለማለት ነው እንዴ የሚመጡት?»

«እኔ እንጃ። እህል የሚያስቀድም ሰው ግን ከእህሉ ሥር የደበቀው ነገር አለው።»

እንዲህም ብለው አልቀሩም። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሱሪያቸውን ለብሰው በርኖሳቸውን ደረቡና ቆሎ በከረጢት ቋጠሩ።

«ቆሎው ለመንገድ ነው?» አልኳቸው።

«ለራቱ ነው። ልበላ ሳይሆን ላያቸው ነው የምሄደው። የራበው ሰው ደኅና አያይም።»

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እየሩስ ተቀበለችን። አባቴ ትከሻቸውን ከአቧራ ሲያራግፉ እኔን በክንዴ ጎትታ ወደ ጎን አወጣችኝ። ፊቷ ከስቷል።

«ታዴ፣ አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። አንድ ጉርሻም ቢሆን ይብሉልኝ። አንዴ ከበሉ እንደማይክዱ ታውቃለህ።»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«አጠገባቸው ተቀመጥ። ብላ፤ ሲያዩህ ይበላሉ። ደግሞ ስለ ምንተስኖት እናት ከጠየቁ ወሬውን አስቀይር።»

«ለምን?»

«አሟቸው ነው የሚቀሩት።»

«ታመው ከሆነ ታመዋል ነው የሚባለው። ወሬ ማስቀየሩ ምንድን ነው?»

«ታዴ፣ በእናታችን! እኔ እሱን ካላገባሁ ሌላ ሰው አላገባም። አባባን ደግሞ አስቀይሜ አላገባም። ገባህ?»

ገብቶኛል። ሆኖም እኔ ሰው በተሰበሰበበት እንደምን ዋላችሁ ለማለት የምቸገር ሰው ነኝ፤ ወሬ አስቀይር የተባልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የአባቴ ጥርጣሬ ወደ እኔም ተጋባ። ለታመመች ሴት ለምን ይጠነቀቁላታል? ምን አድርጋለች?

ምግብ ቤቱ ከአንድ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው። ባለቤቱ ጣሊያን አገር ብዙ ዘመን ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው አሉ። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ የምሽቱ ፀሐይ ቀጥታ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ጨርቅ የለም፤ ወንበሮቹ መደገፊያቸው አጭር ነው። አባቴ በርኖሳቸውን የሚቀበላቸው ሰው ሲመጣ ጠበቅ አድርገው ያዙት።

የምንተስኖት አባት አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሰፊ፣ ደማቅ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሰው ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ነሡ። ምንተስኖት ከአባቱ ኋላ ሆኖ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። አባቴ ወደ ላይ አነሡትና ፊቱን አዩት፤ ከዚያ ከኋላው ያለውን ባዶ ወንበር አዩ።

«እናትህስ?»

«ትንሽ አሟት ነው አባታችን።»

«ምን አሟት?»

ምንተስኖት «ራሷን» ሲል አባቱም በዚያው ቅጽበት «ወገቧን» አሉ።

አባቴ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው፣ እየሩስ ፊት ለፊቴ ሆነች። አስተናጋጁ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ወጣት ነው፤ የምግቡን ዝርዝር ለያንዳንዳችን ሰጠን። አባቴ የእሳቸውን ወደ እኔ ገፉት።

«አንብብ።»

«በጣሊያንኛ ነው አባባ።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ተማርክ ታዲያ?»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሳቁና «ግድ የለም፣ እኔም አላነበውም፤ ልጁ ያዝልን» አሉ። ምንተስኖት አዘዘ። እኔ በልቤ ፓስታ በስጎ ነበር የጠበቅሁት። ዓለም ከተማ አውቶቡስ ሲያቆም የሚበላውን ዓይነት፣ ሰሐኑ ሞልቶ የሚፈስሰውን፣ በርበሬ የገባበትን። የጣሊያን ምግብ ማለት ለእኔ እሱ ነው። የዚህ ቤትማ ከዚያ ምን ያህል ቢበልጥ ነው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር የመጣሁት።

የመጣው ሰሐን እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው። መካከሉ ላይ የታጠፈ መሀረብ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ተቀምጠዋል፤ በላያቸው ነጭ አረፋ ተደፍቷል።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሳሙናውን ሳያለቀልቁት ነው ያመጡት» አሉኝ።

«ምግቡ ነው አባባ።»

«አረፋው?»

«እሱም።»

ቃሌን ለመጠበቅ ብዬ አንዱን በሹካ አንሥቼ ጎረስኩ። ጨው የለውም፤ ቅመም የለውም፤ ሳይታወቀኝ አለቀ። እየሩስ በዓይኗ «ቀጥል» አለችኝ። ሁለተኛውን ጎረስኩ። አባቴ ያዩኛል። መብላቴን ለማየት ሳይሆን አንድ ነገር ይደርስብኝ እንደሆነ እየጠበቁ ነው የሚያዩኝ።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«ጥሩ ነው።»

«ፊትህ እንዲህ አይልም።»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ራሳቸው በሹካ ሲያንከባልሉት ቆዩና አስተናጋጁን ጠሩት። «ልጄ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ ጣል አድርግልኝ።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሼፉ አይፈቅድም። ጣዕሙን ይቀይርብኛል ይላል።»

«የቱን ጣዕም?»

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሄደ። ቀጥሎ ሥጋ መጣ፤ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል፣ ሲቆርጡት ቀይ ውሃ የሚያወጣ። አባቴ ሳይነኩት ከዚህም ከዚያም አዩት። «ጥሬ ነው እንዳይባል እሳት አይቷል፤ በስሏል እንዳይባል ይደማል። ሐሳቡን ያልቆረጠ ሥጋ ነው» አሉ። አቶ ኃይለ ኢየሱስ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እየሩስም ፈገግ አለች። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ መልካም የሚሆን መሰለኝ።

ወይኑ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን አሳየን፤ ከፈተው፤ የማን ይቅደም በሚል ዓይን ምንተስኖትን አየው። ምንተስኖት ለማክበር ብሎ በእጁ ወደ አባቴ አመለከተ። ወጣቱ በአባቴ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ቀዳና ጠርሙሱን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። የሌሎቻችን ብርጭቆ ባዶ ነው። ሁሉም ሰው አባቴን ያያል።

አባቴ ብርጭቋቸውን አዩ፤ የእኛን ባዶ ብርጭቆዎች አዩ።

«የእናንተስ?»

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት» አለ ምንተስኖት። «ወጉ እንዲህ ነው። ደኅና መሆኑን እርስዎ ከነገሩን ለሁላችንም ይቀዳል።»

«እኔ ቀምሼ፣ እኔን አይታችሁ፣ ከዚያ እናንተ ትጠጣላችሁ?»

«አዎ።»

«ደኅና ባይሆንስ?»

«ይመለሳል።»

«ጠርሙሱ ይመለሳል። እኔስ?»

እየሩስ «አባባ!» አለች።  በእኛ አገር ለእንግዳ ሳይቀምሱ መስጠት ነውር ከሆነ፣ እንግዳውን አስቀድሞ ማስቀመስ ምን ሊባል ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ የተሳሳቱ አልመሰለኝም።

አባቴ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉ። «ቀጂው ይቅመስ» አሉ።

አስተናጋጁ ደነገጠ። «እኔ? አይፈቀድልኝም አባባ።»

«ማን ነው የሚከለክልህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«መቅመስ ሥራ አይደለም? አገልጋይ ነህ፤ ቀድተሃል፤ ቅመስ።»

«እኔ ልቅመሰው» አለ ምንተስኖት እጁን ዘርግቶ።

«አንተ አልቀዳህም።»

ወጣቱ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ባጠገባችን ያሉ ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩን ጀመር። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ደማቅ ፊታቸው ጠቆረ። «አቶ ገብረ አማኑኤል፣ ምን እያሉ ነው? መርዝ ሊያጠጡን ነው እያሉን ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ቀጂው ይቅመስ ነው ያልኩት። ቀጂው ደግሞ እየሸሸ ነው።»

ያን ጊዜ ወጣቱ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ አባቴ ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን አጠገባቸው ስለሆንኩ ሰማሁት። «አባባ፣ ስሜ አብዱልናስር ነው። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ፈርቼ አይደለም፤ መጠጥ አልጠጣም።»

አባቴ ቀና ብለው አዩት። ከቆላ ጨውና ጨርቅ ይዘው ከሚመጡ እስላሞች ጋር ዕድሜ ልካቸውን ተገበያይተዋል፤ ወዲያው ነው የገባቸው።

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም ኖሯል? የማትቀምሰውን ለምን ትቀዳለህ?»

«እንጀራ ነዋ አባባ!»

አባቴ ሳቁ። ዕለቱን ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ውሃስ ትቀምሳለህ?»

«ውሃማ እንዴታ!»

ሄዶ ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ አመጣ፤ ፊታቸው ከፈተው፤ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና በንጹሕ ብርጭቆ ሰጣቸው። አባቴ ተቀብለው በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። «ይባርክህ» አሉ።

እኔ እየሩስን አየኋት። ውሃ እንደ ጉርሻ ይቆጠራል ወይ ብዬ በዓይኔ ጠየቅኋት። እሷም ያንኑ እያሰበች መሰለኝ።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ቁጣቸው በረደና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ወይ ጉድ! ልክ እንደ እኔዪቱ! ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እኔ ራሴ የቀዳሁላትን፣ ካልቀመስኩላት አትጠጣም። ቀጂው ይቅመስ፣ ቀጂው ይቅመስ! ይኸው እኮ ነው፤ የራቤል ሰው...»

ቀጥ አሉ። ምንተስኖት ዓይኑን ጨፈነ።

«የየት ሰው?» አሉ አባቴ።

ወሬ የማስቀይርበት ጊዜ ይህ ነበር። እየሩስ በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችው።  «ዘንድሮ በረዶው ገብሱን ክፉኛ መታው» አልኩ። በዚያ ራት ላይ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ነገር እሱ ብቻ ነው።

«ገብሱን ተወው ታዲዮስ» አሉ አባቴ። «የየት ሰው ነው ያሉት?»

 ምንተስኖት ሹካውን አስቀመጠ። «እናቴ የራቤል ሰው ናት፣ አባታችን» አለ።

«የማን ልጅ?»

«የወይዘሮ ዓለሚቱ።»

አባቴ አልጮኹም። ብርጭቋቸው ውስጥ የቀረችውን የውሃ ጠብታ ነበር የሚያዩት። ስሙን እኔም አውቀዋለሁ፤ በቤታችን ከሞተ ሰው ስም በላይ ተጠንቅቀን ያልጠራነው ስም ነው። አጎቴ መርስዔ ኃዘን የመጨረሻውን ጠላ የጠጡት ከወይዘሮ ዓለሚቱ ቤት ነው።

«አልታመመችም» አሉ አባቴ።

«አልታመመችም» አለ ምንተስኖት። «እየሩስ የወንድምዎን ነገር ስትነግረኝ እኔ ለእናቴ ነገርኳት። እሷም የጠጡበት ቤት የእኛ ነው አለችኝ። እኛ... መጀመሪያ አብረውን ይብሉ፣ ይወቁን፣ ከዚያ ይነገራቸው ብለን ነው። እሷ ግን እምቢ አለች። 'ሰውየው ሳያውቁኝ ከእኔ ጋር እህል አይቀምሱም፤ ተደብቄ ዘመድ አልሆንም' ብላ ቀረች።»

«እህሉን ያስቀደማችሁት ለዚህ ነው።»

«አዎ።»

አባቴ ተነሥተው በርኖሳቸውን አጣፉ። አብዱልናስር በሩን ሲከፍትላቸው ብቻ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉለት። ከኋላችን የአባቴ ሥጋ እንደመጣ ሰሐኑ ላይ ደምቶ ቀረ።

እየሩስ ተከራይታ የምትኖርባት ክፍል ሩቅ አይደለችም። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከረጢታቸውን ፈቱና ቆሎ ዘገኑልን። እኔ ተቀበልኩ። እየሩስ አልተቀበለችም።

«አባባ፣ ሴትዮዋ ያኔ ልጅ ነበሩ።»

«ዕድሜ መቁጠር አላቃተኝም።»

«ምንተስኖት ደግሞ አልተወለደም።»

«እሱንም አውቃለሁ። የዋሸኝ ግን ዛሬ ነው፤ ዛሬ ተወልዷል።»

እየሩስ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነው፤ እናታችን የሞተች ጊዜ እንዳለቀሰችው። አባቴ ቆሎውን በመዳፋቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። አሁን ወይ ይፈቅዳሉ ወይ ይከለክላሉ፤ ከከለከሉ እኅቴ ዕድሜዋን ብቻዋን ትኖራለች፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ።

«ሽማግሌ እንዳይልኩ» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋ ትምጣ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ልትቀዳ።»

ቀየት ከተመለስን በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ከበጎቹ ኋላ ስውል ሌላ ነገር አላስብም ነበር። የሚደብቁት ነገር ካላቸው አይመጡም እል ነበር። ደግሞ ወዲያው፣ የሚደብቁት ነገር ያለው ሰውም እኮ ደፍሮ ሊመጣ ይችላል እላለሁ። አባቴ ምን ሊጠይቋቸው እንደሆነ ገምቼ ነበር፤ መልሱንም ገምቼ ነበር። ማንም ሰው በሴትዮዋ ቦታ ቢሆን የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። አባቴ ደግሞ ያን መልስ እንደማያምኑት አውቃለሁ። ስለዚህ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ ያለቀ መሰለኝ፤ አዘንኩ።

እየሩስ ዓርብ መጣች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ውሻው ጮኸ። ብወጣ ምንተስኖት ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን አደግድገው ያጣፉ ሴት አሉ። እናቱ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። ሴት ለራሷ ልጅ ሽማግሌ ሆና ስትመጣ በአገራችን ታይቶ ስለማይታወቅ ጎረቤቶቻችን በአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። እኔ በሐሳቤ የሣልኳት ሴት ትልቅና አስፈሪ ነበረች።

አባቴ ወጥተው ግቢው ውስጥ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሰላምታ ተሰጣጡ። እኔ በርጩማ ይዤ ስመጣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ በእጃቸው መለሱኝ።

«አልቀመጥም ልጄ። ቃል ሳልሰማ አልቀመጥም።»

 አባቴ ጀሪካኑን አዩ።

«ጠላው የራስዎ ነው?»

«በእጄ የጠነሰስኩት ነው። ልትቀዳ ትምጣ ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ወንድሜ እናትዎ ቤት የጠጣ ዕለት እርስዎ እቤት ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እናትዎ ሲቀዱለት ቀምሰዋል?»

ምንተስኖት እናቱን አያቸው። ከቤት ውስጥ የእየሩስ እግር ኮቴ ቆመ። እኔ መልሱን አውቄው ስለነበር መሬት መሬት አየሁ።

«አላየሁም» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

ቀና አልኩ።

«አላዩም?»

«ጓዳ ነበርኩ። እናቴ ሁልጊዜ ትቀምስ ነበር፤ ያን ዕለት መቅመሷን ግን በዓይኔ አላየሁም። ከዚያው ጋን ያስታረቋቸው ሰዎች ሁሉ ጠጥተዋል፤ እኛም ልጆቹ ማታ ቅራሪውን ጠጥተናል፤ ምንም አልሆንንም። እናቴ 'ያ ሰው ከቤቴ ወጥቶ ሞተ' እንዳለች ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ በእኛም ቤት ሳይቀመስ አይጠጣም። የማውቀው ይህን ነው። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልጄን አልድርም።»

 በአጥሩ ላይ ካሉት ሰዎች አንዱ ሳለ።

«አየሁ ቢሉኝ ኖሮ በሩን አሳይዎት ነበር» አሉ አባቴ። «ታዲዮስ፣ ዋንጫ አምጣ።»

አመጣሁ። ምንተስኖት ጀሪካኑን አዘነበለ፤ እናቱ ግን ከእጁ ወስደው ራሳቸው ቀዱ። ዋንጫው እስኪሞላ ቀዱና በግራ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ትንሽ ቆም ብለው ደግመው ቀመሱ። በሁለት እጃቸው ይዘው ለአባቴ አቀረቡ።

አባቴ ተቀበሉ። አልጠጡም። የጠላውን ፊት አዩት፤ የሴትዮዋን ፊት አዩት። መሬት ላይ ሊያስቀምጡት ነው ብዬ እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው።

«ቆመው አይቅሩ» አሉ። «ይቀመጡ።»

በአገራችን ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ልጅቱ ተሰጥታለች ማለት ነው። ከቤት ውስጥ የሆነ ዕቃ ወድቆ ተንከባለለ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ዋንጫውን አንሥተው የጠጡት፤ እስከ አተላው።

ከዚያ በኋላ ምሳ ቀረበ፤ ጎረቤትም ተጠራ። ዶሮ ወጡ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ምንተስኖት ያ የጣሊያን ሰሐን ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ እያላበው ደጋግሞ ይጠቀልላል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ይጫወታል። ነገር ግን አባቴ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ጨዋታው ትንሽ ቆም ይላል። አንዴ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ሲያሳርፉ እየሩስ ከነሞሶቡ ቆማ ቀረች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደግሞ ከመጡ ጀምሮ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አላነሡም። አባቴ ሁላችንንም ዞር ብለው አዩን።

«ምን ታፈጣላችሁ? መቀነቴን ላላ ላደርግ ነው።»

ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም ይልቅ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ዋንጫዬን እንድይዝ አዘዙኝና ከዚያው ጀሪካን ቀዱልኝ፤ በመዳፋቸው ቀመሱልኝ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ። ሆኖም ወደ አፌ ከማድረሴ በፊት ሳላስበው ወደ አባቴ ዞሬ ፊታቸውን አየሁ። ደኅና ናቸው። ጠጣሁ።